ለግብዣው ኮሚቴ መልስ፤ ስለ ስፔን የወይን ጠጅና ስለ ፍም ጥብስ

የማኅበራችን የግብዣ ኮሚቴ ስለ ዓመቱ መዝጊያ እራት ያወጣውን ማስታወሻ አብዛኞቻችሁ በሰሌዳው ላይ አንብባችሁታል። ያላነበባችሁ ብትኖሩ ነገሩ እንዲህ ነው። በጉ በግቢው ውስጥ በፍም ላይ ይጠበሳል፤ መልካም። ከበጉ ጋራ የሚቀርበው ግን የስፔን አገር ደረቅ ቀይ የወይን ጠጅ፣ ያውም «ግራን ሬሴርቫ» የሚል ቃል የታተመበት ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። በዚሁ ምክንያት የመግቢያው ዋጋ ከፍ ብሏል፤ የሚጠጣውም የማይጠጣውም እኩል ይከፍላል። ለምን ብለን ብንጠይቅ የተሰጠን መልስ የተጠበሰ ሥጋ ሕጉ ይህ ነው፣ ባሕሉን የሚያውቅ ሰው ከዚህ ያነሰ ነገር ለእንግዳ አያቀርብም የሚል ነው።

እኛ ይህን መልስ አንቀበልም። የማንቀበለው ገንዘብ ስላነሰን ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ማነሱ እውነት ቢሆንም። ነገሩ ራሱ ሐሰት ስለ ሆነ ነው። ወይኑን ተክለው፣ ገርዘው፣ ለቅመውና ጨምቀው የሚኖሩት ስፔኖች በፍም ላይ ከጠበሱት በግ ጋራ ብዙውን ጊዜ የሚጠጡት ኮሚቴው የመረጠውን ጠርሙስ አይደለም። የኮሚቴው አባላት የሌላውን አገር ባሕል እንከተል ካሉ፣ ቢያንስ ባሕሉ ምን እንደ ሆነ ባለቤቶቹን መጠየቅ ነበረባቸው።

እስቲ «ግራን ሬሴርቫ» የተባለው ቃል ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ብዙዎቻችን ቃሉ የማዕርግ ስም ይመስለናል፤ ከባላምባራስ ተነሥቶ ራስ እስከሚባል ድረስ እንደሚወጣበት መሰላል ያለ። ቃሉ ግን የሚቆጥረው ማዕርግ ሳይሆን ጊዜ ነው። በሰሜን ስፔን፣ ኤብሮ በሚባለው ወንዝ ግራና ቀኝ በሚገኘው በሪዮኻ አውራጃ ደንብ መሠረት «ክሪያንሳ» የሚባለው ቀይ ቢያንስ 2 ዓመት የቆየ፣ ከ2ቱም ውስጥ 1 ዓመት ኦክ ከሚባለው እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ የተኛ ነው። «ሬሴርቫ» 3 ዓመት ይቆያል፤ ከ3ቱ ቢያንስ 1ዱ በበርሜል ነው። «ግራን ሬሴርቫ» 5 ዓመት ይጠብቃል፤ ቢያንስ 2ቱን በበርሜል፣ 2ቱን ደግሞ በጠርሙስ። ከነዚህ ሁሉ በታች ተብሎ የሚታሰበውና ስለ ዕድሜው ምንም የማይናገረው ወይን አረንጓዴ ማኅተም በጀርባው ይለጠፍለታል፤ ክሪያንሳው ቀይ፣ ሬሴርቫው ጠቆር ያለ ቀይ፣ ግራን ሬሴርቫው ሰማያዊ። ጥሩ ቤት ጥሩ ፍሬውን ለረጅም ጊዜ እንደሚያቆየው አንክድም። ዳሩ ግን ያ ሰማያዊ ወረቀት ይህ ወይን ከየትኛው ሥጋ ጋራ፣ በየትኛው እሳት፣ በየትኛው ማባያ እንደሚስማማ አንዲት ቃል አይነግረንም። አምስት ዓመት መቆየቱን ብቻ ይነግረናል።

ይህንንም የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። በ2015 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ላግዋርድያ በሚባለው ከተማ የሚገኘው አርታዲ የተባለ ስመ ጥሩ ጠማቂ ከሪዮኻ ስም ወጥቶ በራሱ መንገድ ሄዷል። ወይኑ ስንት ወር በእንጨት ውስጥ እንደ ተኛ ከመናገር ከየትኛው መሬት እንደ በቀለ መናገር ይሻላል የሚለው ክርክር ያን ጊዜ በአውራጃው ውስጥ ጦፎ ነበር። በ2017 ደግሞ የሪዮኻ ተቆጣጣሪ ጉባኤ ራሱ በአንድ ማሳ ስም የሚሸጥ ወይን እንዲኖር ፈቀደ። እንግዲህ ባለቤቶቹ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበትን ነገር ኮሚቴያችን እንደ ሃይማኖት ድንጋጌ ሰሌዳ ላይ ለጥፎታል።

ደግሞም የበርሜሉ ልማድ ከአዳም ጀምሮ የወረደ የስፔን ባሕል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ታሪኩ አጭር ነው። በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ እንደ ሉሲያኖ ደ ሙሪዬታና እንደ ማርኬስ ደ ሪስካል ያሉ ባለ ሀብቶች የፈረንሳይን የቦርዶ አገር አሠራር ከነ225 ሊትሩ በርሜል ወደ ሪዮኻ አስገቡ። ከዚያም ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የፈረንሳይን የወይን ሥር እየበላ ሲያጠፋ፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ፍለጋ ተራራውን ተሻግረው መጡ። በ1860ዎቹ የተዘረጋው የባቡር መሥመር በሃሮ ከተማ ያልፍ ነበርና ትልልቆቹ የወይን ቤቶች በጣቢያው ዙሪያ ተሠሩ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። በርሜሉ የመጣው ሩቅ ለሚሄድ ወይን፣ ለሩቅ አገር ገበያ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ወይኑን በጎተራ አስቀምጦ መጠበቅ የሚችለውም ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ለመጪው ክረምት ልብስ፣ ለልጁ ደብተር መግዛት ያለበት ትንሽ ገበሬ አምስት ዓመት አይጠብቅም። እርሱ የዘንድሮውን በዘንድሮ ይሸጣል፤ የተረፈውንም በዘንድሮ ይጠጣል።

ይህ ትንሽ ገበሬ ሥጋ ሲጠብስ እንዴት እንደሚያደርግ የኮሚቴው አባላት ቢያውቁ ኖሮ ማስታወሻውን ባልጻፉት ነበር ብለን እናምናለን። በክረምት የወይኑ ሐረግ ይገረዛል። የተገረዘው ቅርንጫፍ አይጣልም፤ በነዶ በነዶ ታስሮ እንዲደርቅ ይቀመጣል። ሥጋ የሚጠበስበት ቀን ሲመጣ ነዶው በማሳው ዳር ወይም በጎተራው ደጅ ይነድዳል። የወይን ጭራሮ እንደ ግራር ግንድ ቀስ ብሎ የሚነድ አይደለም፤ እሳቱ ወዲያው ሰማይ ይነካል፣ በጥቂት ደቂቃም ወርዶ ቀጭን ግን የሚፋጅ ፍም ይተዋል። ነበልባሉ ሳይወርድ ሥጋ የሚጥል ሰው ይሰደባል። ከዚያ በኋላ ገና ወተት ያልተወ ግልገል ጎድን፣ እያንዳንዷ ከሁለት ጉርሻ የማትበልጥ፣ ተጠጋግታ በፍርግርግ ብረት ላይ ትደረደራለች። ቅመም የለም፤ ጨው ብቻ። አንድ ጊዜ ትገለበጣለች፤ በእጅ ተይዛ፣ ከዳቦ ጋራ፣ አጥንቷ ተግጦ ትበላለች። (ሹካ የጠየቀ እንግዳ አይባረርም፤ ይሣቅበታል እንጂ።)

ከዚህች ጎድን ጋራ የሚጠጣው ምንድን ነው? በተለይ አላቫ በሚባለው በሪዮኻ ክፍል ገበሬው ራሱ የጠመቀው የዓመቱ ወይን ነው። አሠራሩ የበርሜሉን ዘመን የሚቀድም ነው። ዘለላው ሳይፈለፈል፣ ሳይጨመቅ፣ እንዳለ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይከተታል። ከታች ያለው በላዩ ክብደት ይፈርጥና መፍላት ይጀምራል፤ ከፍላቱ የሚወጣው አየር ገንዳውን ሲሞላው ሌላው ፍሬ ቆዳው ሳይቀደድ በውስጡ ይፈላል። መከሩ በመስከረምና በጥቅምት ከገባ፣ ወይኑ ክረምቱ ሳያልፍ ይደርሳል። ቀለሙ ሐምራዊ ያዘለ ቀይ ነው፤ ሽታው የትኩስ ፍሬ፤ አፍ የሚያደርቀው ነገር በውስጡ ጥቂት ነው። ቀዝቀዝ ብሎ በአጭር ብርጭቆ፣ ወይም እንደ ጀበና አፍ ቀጭን መቅጃ ካለው የብርጭቆ ዕቃ ከሩቅ ወደ አፍ እየተንቆረቆረ ይጠጣል። አረንጓዴ ማኅተም የሚለጠፍበት፣ ኮሚቴያችን ለእንግዳ አይቀርብም ያለው ወይን እንግዲህ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ስሜቱን ትተን ወደ ነገሩ ጠባይ እንግባ፤ በመካከላችን የኬሚስትሪ ተማሪዎች አሉና ቢታዘቡን አንወድም። ደረቅ የወይን ጠጅ የሚባለው ስኳሩ ፈልቶ ወደ አልኮል የተለወጠ፣ የጣፋጭነት ቅሪት የማይሰማበት ነው። በቀዩ ወይን ውስጥ ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ፣ ደግሞም ከበርሜሉ እንጨት የሚገባ ታኒን የተባለ ነገር አለ። ሻይ ቅጠሉ በዝቶበት ሲከር ምላስን እንደሚያደርቅ ታውቃላችሁ፤ ሥራው ያው ነው። ታኒን ምራቃችንን የሚያለሰልሱትን ፕሮቲኖች ይይዛቸዋል፤ አፍም ይደርቃል። ጮማና ጨው ግን ይህን ድርቀት ያበርዱታል። ስለዚህ ደረቅ ቀይ ወይንና ጮማ ያለው ጥብስ መዋደዳቸው ወሬ አይደለም፤ እውነት ነው፤ ኮሚቴው በዚህ ላይ ልክ ነው። እንደ አውራ ጣት ርዝመት የወፈረ፣ ስቡ በጠርዙ የሚንጠባጠብ የበሬ ጎድን ቢጠበስ ኖሮ ቴምፕራኒዮ ከሚባለው ፍሬ የተሠራ ክሪያንሳ፣ ወይም ከዱዌሮ ወንዝ ዳር የመጣ ጠንከር ያለ ቀይ ይገባዋል ብለን እኛው እንፈርም ነበር።

የሚጠበሰው ግን በሬ አይደለም፤ በግ ነው። የሚጠበሰውም በከሰል ፍም ነው። በእሳት ሲለበለብ የሚገኘው የጭስ ሽታና በእሳት ከተጠበሰ በርሜል ወደ ወይኑ የሚገባው ሽታ ዘመዳሞች ናቸው፤ እንጨት ሲቃጠል የሚወጣው ጓያኮል የተባለ ነገር በሁለቱም ውስጥ አለ። ጥቂቱ ጥቂቱን ሲያገኝ ደስ ይላል። ጭስ በጭስ ላይ ሲደራረብ ግን ምላስ ሌላ ነገር መለየት ያቆማል። በዕድሜ የገፋ ግራን ሬሴርቫ ደግሞ ዋናው ሀብቱ ስስ የሆነ ሽታው ነው፤ የደረቀ ፍሬ፣ የቆዳ፣ የትምባሆ ቅጠል ሽታ ነው ይባላል፤ በጸጥታ ተቀምጦ የሚያሸተው ሰው ይፈልጋል። ይህን ወይን አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ባሕር አሻግሮ፣ ሁለት መቶ ተማሪ በሚጮኽበት፣ የከሰል ጭስ በሚጨስበት ግቢ ውስጥ መክፈት ወይኑንም መበደል ነው። ለወይኑም እንቆረቆራለን ማለት ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። ማስታወሻው በሦስተኛው መሥመር አዋዜና ሚጥሚጣ በየጠረጴዛው እንደሚቀመጥ ይናገራል። ይቀመጥ፤ ያለ እርሱማ ማን ይመጣል! የስፔኑ ገበሬ ግን ጨው ብቻ እንደ ነሰነሰ አትርሱ። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያጋግለዋል፤ የታኒኑ ድርቀት ሲጨመርበት አፍ ደርቆም ተቃጥሎም ይቀራል። ጠንካራ፣ በበርሜል የከረመ፣ አልኮሉ 14 ከመቶ የሚደርስ ቀይ በሚጥሚጣ ላይ ማፍሰስ እሳትን በቤንዚን ማጥፋት ነው። ለአዋዜ የሚሻለው ቀዝቀዝ ያለ፣ ታኒኑ ያነሰ፣ የፍሬ ጣዕሙ ያልጠፋ ወጣት ወይን ነው። ይህም ያ የተናቀው አረንጓዴ ማኅተም ነው።

ሥጋ ያለ ቀይ ወይን አይበላም ለሚለው ሕግ ደግሞ ምስክር ከሩቅ አንጠራም። ከሪዮኻ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢኬድ የባስኮች አገር ጊፑስኮዋ ይገኛል። በዚያ በአስቲጋራጋና በአካባቢዋ ከጥር እስከ ሚያዝያ የፖም ጠጅ ቤቶች ይከፈታሉ። ሰው በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማል፤ በዓሣ የተሠራ የእንቁላል ጥብስ ይቀርባል፤ ከዚያም በፍም ላይ የተጠበሰ፣ ውስጡ ያልበሰለ፣ ድፍን ጨው የተነሰነሰበት የትልቅ ላም ጎድን ይመጣል። ከዓለም ዝነኛ ጥብሶች አንዱ ነው። ከርሱ ጋራ የሚጠጣው ከትልቁ በርሜል እየተንፎለፎለ በብርጭቆ የሚቀለብ፣ ኮምጠጥ ያለ የፖም ጠጅ ነው። የቀይ ወይን አገር ጎረቤቱ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያደርጋል። ሕጉን የጣሰ ነው ብሎ የከሰሰው ሰው ግን የለም።

አንድ የኮሚቴው ወዳጅ ደግሞ፣ እንግዲያውስ እንደ ሥጋ ቤት ደንበኛ ወይኑን በኮካ ኮላ በጥብጡት አለን። ሊሰድበን ነው። ሥጋ ቤት ተቀምጦ ቀዩን ወይን በለስላሳ የሚደባልቅ ወገናችንን አለመሠልጠኑን ሊያሳይ የፈለገ ይመስላል። እኛ በጥብጡት አላልንም፤ አንወደውምም። ነገር ግን ቀይ ወይንን ከኮካ ኮላ ጋራ እኩል አደባልቆ መጠጣት በስፔን በተለይም በባስክ ወጣቶች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ ስሙም «ካሊሞቾ» ነው። ስሙ የወጣለት በ1972 በአልጎርታ የወደብ በዓል ላይ ነው ይባላል። በበጋም ስፔኖች ቀይ ወይንን በሎሚ ለስላሳና በበረዶ አቅጥነው ይጠጣሉ። ስለዚህ ወዳጃችን በማን ላይ እንደ ሳቀ ይወቅ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ነውና። ትልቁን ጠርሙስ በመግዛት የስፔንን ገበሬ እንረዳለን የሚል አስተያየት በስብሰባው ላይ ተሰምቷል። ልብ የሚነካ አስተያየት ነው፤ ግን ሒሳቡ እንዲያ አይሄድም። በሪዮኻ ወይን የሚያመርተው ሰውና በርሜል ውስጥ አቆይቶ የሚሸጠው ቤት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ ገበሬው ፍሬውን በኪሎ ሸጦ ይሄዳል። ጠርሙሱ አምስት ዓመት ቆይቶ ዋጋው ሲወጣ ጭማሪው የሚሄደው ለበርሜሉ፣ ለጎተራው፣ ለተኛው ገንዘብ፣ ለስሙ፣ ወደ እኛ ሲመጣም ለማጓጓዣው፣ ለቀረጡና ለአስመጪው ነው። የገበሬው ችግር በስፔን ምን ያህል እንደ ሆነ ከሕጋቸው ይታያል። በ2013 ስለ ምግብ ንግድ የወጣው ሕግ በ2021 ተሻሽሎ፣ ማንም ገዢ ለአምራቹ ከማምረቻ ወጪው በታች እንዳይከፍል ተከለከለ። ሰው ከወጪው በታች ባይሸጥ ኖሮ ይህ ሕግ ባላስፈለገ ነበር። በ2023 ደግሞ ሳይሸጥ የተከማቸ ቀይ ወይን በመንግሥት ድጎማ ተጣርቶ ወደ አልኮል እንዲለወጥ ተደረገ፤ በሪዮኻም ገበሬዎች ፍሬው ሳይበስል ቆርጠው እንዲጥሉት ድጎማ ተከፈላቸው። እንዲህ በሆነበት ዘመን ለገበሬው ማሰብ የፈለገ ሰው ገበሬው ራሱ ጠምቆ በራሱ ስም የሚሸጠውን የዓመቱን ወይን ይፈልግ፤ ባለ ወርቅ ሽቦውን ጠርሙስ አይደለም። ስለ ሽቦውም እንጨምር። በአንዳንድ የሪዮኻ ጠርሙስ ላይ የሚታየው የሽቦ መረብ ድሮ የታሰረው አጭበርባሪ ጠርሙሱን ከፍቶ ሌላ ወይን እንዳይሞላበት ነበር። ዛሬ ጌጥ ብቻ ነው። ከኮሚቴው አንዱ የመረጥነው ሽቦ ያለበትን ነው ብሎ በኩራት ነገረን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ሽቦስ?

ይህን ሁሉ ስንል ያረጀ ወይን እንጠላለን ማለት አይደለም። አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ፣ በቤቱ፣ ከሦስት ወዳጆቹ ጋራ፣ በምድጃ ቀስ ብሎ የበሰለ የበግ ሥጋ አቅርቦ ግራን ሬሴርቫውን ቢከፍት እሰየው፤ ከጋበዘን እንመጣለን። የምንቃወመው በማኅበሩ ገንዘብ፣ በማይጠጣው ኪስ፣ ለማይስማማው ጥብስ፣ የማያውቁትን ቃል አምነው መግዛታቸውን ነው። ከአባሎቻችን መካከል በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይጠጡ አሉ፤ ሐኪም የከለከላቸው አሉ፤ ዝም ብለው የማይወዱም አሉ። እነዚህ ሰዎች በጉን ለመብላት ሲሉ የሰማያዊውን ወረቀት ዕዳ እንዲከፍሉ ተፈርዶባቸዋል። የመግቢያው ዋጋ ሲወጣ ደግሞ የቀሩት እነማን እንደ ሆኑ የተመዘገቡትን ስም ዝርዝር ያየ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የምግቡና የመጠጡ ቲኬት ይለያይ። ስፔን ካልሆነ አይሆንም ከተባለ ወጣቱ ቀይ ይገዛ፤ ለሚፈልግ ጥቂት ክሪያንሳ ይጨመር። ደረቅ ቀይ ብቻ ከተፈለገም የአገራችን ጉደር ደረቅ ቀይ ነው፤ ለምን በዝርዝሩ ላይ እንዳልታሰበ የነገረን የለም። ጠርሙሶቹ ከእሳቱ ርቀው በጥላ ይቀመጡ፤ ከመከፈታቸው በፊት 15 ወይም 20 ደቂቃ በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ይንከሩ፤ ወጣቱ ቀይ ወደ 13 ዲግሪ፣ ክሪያንሳው ወደ 16 ዲግሪ ሲቀርብ ይሻላልና። በቤቱ ሙቀት ይጠጣል የሚለው አባባል የመጣው ከብርድ አገር ቤት ነው፤ ከፍም ዳር አይደለም። ነበልባሉ ሳይወርድም ሥጋው አይጣል።

ይህንኑ በጽሑፍ ለኮሚቴው ጸሐፊ ሰጥተናል። መልስ ካላቸው በሚቀጥለው እትም ሳንቆርጥ እናወጣዋለን፤ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ብቻ እንለምናለን።